ፍሬንች ቶስቱ ውጭው አርሮ ውስጡ የላቆጠው በደጋው ምክንያት አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ለቤተሰቡ ፍሬንች ቶስት ለመሥራት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ አልሆነልኝም። ትኩስ ዳቦ ከዳቦ ቤት አስመጣለሁ፤ 6 እንቁላል ከትንሽ ወተትና ከ4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር መትቼ፣ ዳቦውን ነክሬ በንጥር ቅቤ እጠብሳለሁ። ውጭው ቶሎ ይጠቁራል፤ ውስጡ ላቁጦ ይቀራል። ልጆቹም እንቁላል እንቁላል ይሸታል ብለው ትተውት ይነሣሉ። አንዷ ጎረቤቴ ደጋ አገር ስለሆነ ነው የማይበስለው አሉኝ። ሌላዋ ደግሞ የውጭ ክሬም ካልገባበት የሆቴሉን ዓይነት አይሆንም ይላሉ። ቅቤው እንዳያር ዘይት ልቀላቅልበት? ዳቦውን ፍሪጅ ውስጥ ባሳድረውስ? መጥበሻዬ ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ በእንጀራ ምጣድ ብሠራው ይሻል ይሆን?»

ምላሽ፦ ጎረቤትዎ ደጋውን የወቀሱት ከአንድ እውነት ተነሥተው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባሕር ዳር ላይ፣ 1,800 ሜትር አካባቢ፣ 94 ይጠጋል። ባቄላና የበሬ ሥጋ እናንተ ዘንድ ሰው የሚያስርቡት ለዚህ ነው። ፍሬንች ቶስት ግን የሚቀቀል ነገር አይደለም። የእንቁላል ነጩ 60 ዲግሪ አለፍ ሲል መርጋት ይጀምራል፤ አስኳሉ ከ65 በላይ ይከተለዋል፤ በወተት የቀጠነ እንቁላል ደግሞ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይጨብጣል። ሁሉም ከ92 በታች ነው። መጥበሻ ላይ ያለ የጋለ ቅቤም የተራራ ከፍታ አይቆጥርም። ከፍታው ያመጣው ነገር ካለ፣ የተቆረጠ ዳቦ በበጋው አየር ቶሎ መድረቁ ነው፤ እሱ ደግሞ ለእርስዎ የሚጠቅም ነው።

ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ዳቦው ትኩስ ነው፣ እንቁላሉ በዝቷል፣ ስኳሩ ከዚያ ብሶ በዝቷል፣ እሳቱ ደግሞ ስኳሩን ያቃጥላል እንጂ ልቡን አያበስልም። አንዱ ሌላውን ስለሚጎትት አንዱን ብቻ ቢያስተካክሉ ለውጡ አይታይዎትም፤ ሦስት ጊዜ የተቸገሩትም በዚህ ይመስለኛል።

ከዳቦው ልጀምር፤ ብዙ የማወራውም ስለ እሱ ነው። ፈረንሳዮች ይህን ምግብ «ፓን ፔርዱ» ይሉታል፣ የጠፋ ዳቦ ማለት ነው። ለመብላት ያለፈበትን፣ ሊጣል የነበረውን ዳቦ ማዳኛ ነበር። እኛ ግን ሆቴል ቤት በሰሐን ተጊጦ ስላየነው ከትኩስ ዳቦ የሚሠራ የክብር ምግብ መሰለን። ከዳቦ ቤት የወጣ ትኩስ ዳቦ ከክብደቱ ሲሶ በላይ ውሃ ነው። የጠገበ ሰው ተጨማሪ እንደማይጎርስ ሁሉ ውሃ የያዘ ዳቦም ወተትና እንቁላሉን ወደ ውስጥ አይስብም። ላዩ ይጨማለቃል፣ መካከሉ ሳይነከር ይቀራል። ሰው ይህን ሲያይ ደግሞ ይበልጥ ያቆየዋል፤ ያን ጊዜ ዳቦው ይፈርሳል። እርስዎ «ላቆጠ» ያሉት ያልበሰለ እንቁላል ብቻ አይደለም፤ በገዛ ውሃው የታጨቀ የዳቦ ሊጥ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። ዳቦ መሻገቱን አላወራም፤ የሻገተ ዳቦ ሻጋታው ተነሥቶለትም ቢሆን ይጣላል። የማወራው ስለ ማደርና ስለ መድረቅ ነው፣ ሁለቱም አንድ አይደሉም። ዳቦ ሲያድር የሚጠነክረው በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ተመልሶ ስለሚደድር ነው፤ ውሃው ሳይወጣም ይጠነክራል። ይህ መደደር ከሁሉ ይልቅ የሚፈጥነው በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ዳቦ እንደ ድንጋይ ሆኖ ሲያዩት የደረቀ ይመስልዎታል፤ ተጠቅልሎ ከነበረ ግን ውሃው እንዳለ አለ። መጥበሻ ላይ ሲሞቅ የደደረው ስታርች መልሶ ይፈታል፣ እርስዎም ወደ ትኩሱ ዳቦ ችግር ይመለሳሉ። መልሴ፦ ፍሪጁ አይረዳዎትም። ውሃው እንዲወጣ ዳቦው ተቆርጦ አየር ያግኘው፣ ወይም ሙቀት ይንካው።

አደራረቁ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ ዳቦውን 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል በሚሆን ውፍረት ይቁረጡ። ከዚያ የሳሳ ወዲያው ይፈርሳል፣ የወፈረ ደግሞ ልቡ እስኪበስል ውጭው ያልፍበታል። ቁራሾቹን ሰሐን ላይ አያስተኙ፣ ሥሩ ያልበዋል። ወንፊት ላይ ደርድረው ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጣል ያድርጉባቸው። በበጋ እስከ ጠዋት ይበቃል። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ ርጥበት፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢያድር እንኳ አይደርቅም፤ ያኔ ኦቨን ካለ በ140 ዲግሪ 15 ደቂቃ፣ ከሌለም ቅቤ በሌለው መጥበሻ ላይ በዝግታ እያገላበጡ ያድርቁት፤ ቀለም እንዳይዝ ብቻ። ጥሩ የደረቀ ቁራሽ በጥፍር ሲነኩት ላዩ ኳ ይላል፣ መካከሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ግን ጥቂት ይሰጣል። እስከ ልቡ ቆሎ የሆነው ጠጥቶ አይጠግብም፣ መንከሪያውን፣ ማለትም የሚነከርበትን እንቁላልና ወተት፣ ጨርሶብዎት ይነሣል።

የትኛው ዳቦ? እዚህ ላይ ጎጃም ውስጥ ያለ ሰው የዳቦ ቤት ዳቦ ሲፈልግ ማየት ይገርመኛል። የዳቦ ቤቱ ቀለል ያለ፣ አየር የበዛበት ነው፤ ሲነከር ስፖንጅ ሲጠብሱት ወረቀት ይሆናል። በቤት እርሾ የተቦካ፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረ የስንዴ ድፎ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ዐይኑ ደቃቅ፣ ልቡ ጥብቅ፣ ውፍረቱም የልብ የሚያደርስ ነው። የኮባው ጅማት የታተመበትን የታችኛውን ቅርፊትና የላይኛውን ቀጭን አድርገው ያንሡለት፤ ቅርፊቱ መንከሪያ አያስገባም። የቀረውን ልቡን በቁመቱ ይቁረጡ። የእርሾው መጠነኛ ኮምጣጣነት ከማር ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ጣዕም በስኳር አያገኙትም። ጥቁር አዝሙድ ቢኖርበት አይረብሽም፤ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ከሆነ ግን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ዓርብ የተጋገረ ድፎ ለእሁድ ልክ ነው።

ወደ እንቁላሉ ልለፍ። 6 እንቁላል በትንሽ ወተት መምታት ፍርፍር ነው፣ ዳቦ የተጠቀለለበት ፍርፍር። ብዙ ሰው «የደለበ» ፍሬንች ቶስት ማለት እንቁላል የበዛበት ይመስለዋል። ድልበቱ የሚመጣው ከአስኳሉና ከወተቱ ስብ ነው፤ ነጩ የሚሰጠው ጥንካሬ ነው። ልጆችዎ የሸተታቸውም በአብዛኛው ነጩ ነው። በነጩ ውስጥ ያለው ድኝ እሳት ሲበዛበት ሽታው ይወጣል፣ ነጩ ሲበዛም አብሮ ይበዛል። ስለዚህ ነጩን ይቀንሱ፣ አስኳሉን ይጨምሩ። ለ6 ቁራሽ 300 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 2 ሙሉ እንቁላልና 2 አስኳል ይበቃል። ይህ ልክ ግን ለፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ የፈረንጁ ከ55 እስከ 60። ስለዚህ የሐበሻውን ሲጠቀሙ 3 ሙሉና 2 አስኳል ያድርጉት። እያንዳንዱን እንቁላል መጀመሪያ በትንሽ ኩባያ ለብቻው ይስበሩ። ከገበያ የመጣ እንቁላል መካከል አንዱ ከገማ አምስቱን ይዞ ይሄዳል፤ በእኔ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ደርሷል።

ሲመቱም እስኪያረፋ አይምቱት። አረፋው ላይ ላይ ይንሳፈፋል፣ ዳቦው ውስጥ አይገባም። በሹካ ወይም በመምቻ ነጩና አስኳሉ እስኪዋሐዱ ከመቱት በኋላ በሻይ ማጥለያ ያሳልፉት። ማጥለያው ላይ የሚቀረው እንደ ክር ያለ ነጭ ነገር፣ የተጠበሰው ዳቦ ላይ ነጫጭ ጠባሳ ሆኖ የሚወጣው እሱ ነው። ሰው ሲያየው «እንቁላሉ በደንብ አልተመታም» ይላል፤ ሰዓት ሙሉ ቢመቱት አይጠፋም፣ ማጥለል ብቻ ያወጣዋል።

ስለ ክሬም ሁለተኛዋ ጎረቤትዎ ተሳስተዋል። የውጭ ክሬም ሲሶው ያህል ስብ ነው፤ ብቻውን መንከሪያ ቢያደርጉት ዳቦው ይከብዳል፣ ስቡም መጥበሻ ላይ ወጥቶ ያሰጥመዋል። ሆቴሎች የሚጨምሩት የፋብሪካው ወተት ስለሚሳሳ ነው። የአገራችን ላም ወተት ስቡ 5 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ሆልስታይን የምትባለው የፈረንጅ ላም ወተት ከ3 ተኩል እስከ 4 በመቶ ነው። ወተቱን አፍልተው ሲያቀዘቅዙት ላዩ ላይ የሚይዘውን ስልባቦት አይጣሉት፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ስልባቦት መንከሪያው ውስጥ ቢገባ ከየትኛውም ክሬም አያንስም። ወተት ሻጩ ውሃ እንዳበዛበት ከጠረጠሩ ግማሽ ሊትሩን እያማሰሉ 350 ሚሊ ሊትር እስኪሆን በቀስታ ያንተክትኩት። ዕቃው በወይራ የታጠነ ከሆነ የጢሱ ሽታ ይከተላል። ይህን የማይወድ ሰው አለ፤ እኔ ከማሩ ጋር ሲሆን እመርጠዋለሁ።

ጥሬ ወተት ሳይፈላ መንከሪያ ውስጥ አይግባ። «ኋላ ይጠበሳል» የሚል አለ፤ የቁራሹ ልብ መብሰሉን እርግጠኛ ባልሆንንበት ነገር ላይ ግን ብሩሴሎሲስንና የሳንባ ነቀርሳን የሚያህል ነገር አይሞከርም። ከፈላ በኋላ ደግሞ ለብ እስኪል ይጠብቁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሆቴል ማዕድ ቤት ውስጥ ከእሳት የወረደ ወተት ሠላሳ እንቁላል ላይ ገልብጫለሁ። ዐይኔ እያየ ጎድጓዳው ሙሉ ፍርፍር ሆነ። የዚያን ቀን የሠራተኛው ቁርስ እሱ ነበር፣ እኔም በልቼዋለሁ። በጣም የቀዘቀዘ ወተትም አይሆንም፤ 2 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ሲጨምሩበት ቅቤው ረግቶ ፍንጣሪ ፍንጣሪ ይሆናል። በጣት ሲነኩት ሙቀቱም ቅዝቃዜውም የማይሰማ ለብታ ልኩ ነው።

4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወደ 1 ይውረድ። መንከሪያው ውስጥ ያለ ስኳር ከእንቁላሉ ጋር ሆኖ መጥበሻውን ሲነካ ነው ያ ጥቁር ቀለም የሚመጣው፤ ልቡ ገና ለብ ሳይል ላዩ ያራል። ጣፋጩ ሰሐኑ ላይ ይጨመራል። የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው ግን አይርሱ። ለቅመም የአንድ ኮረሪማ ግማሽ ፍሬ፣ ወዲያው የተወቀጠ፣ ይበቃል፤ ቫኒላ ተብሎ በብልቃጥ ከሚሸጠው ይሻላል። ቀረፋ ከወደዱ ወተቱ ላይ አይነስንሱት፣ ተጓጉሎ ይንሳፈፍና የመጀመሪያው ቁራሽ ሁሉንም ይወስደዋል። ከስኳሩ ጋር አዋሕደው መጀመሪያ አስኳሉ ውስጥ ይሹት፣ ከዚያ ወተቱ ይከተል።

አሁን ቅቤው። ንጥር ቅቤ አያርም የሚባለው እውነት ነው፤ የተጣራው ስብ ከ200 ዲግሪ በላይ ይችላል። ቅቤን የሚያጠቁረው ስቡ ሳይሆን በውስጡ የቀረው የወተት ዝቃጭ ነው፤ እሱ 120 ዲግሪን አለፍ ሲል ይጠቁር ጀመር። የእኛ ቅቤ ከረጋ ወተት ተንጦ ስለሚወጣ ዝቃጩ ቀላል አይደለም። ዘይት ቢቀላቅሉበት ዝቃጩ እንዳለ ነው፣ ያው ያርራል። ዘይቱ ዝቃጩን ያሳሳዋል እንጂ ከማረር አያድነውም። ስለዚህ ለዘይቱ ጥያቄዎ መልሴ አይሆንም ነው።

የእርስዎ ንጥር ቅቤ ደግሞ የወጥ ቅቤ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ አብሽና እርድ የገባበት ቅቤ ለዶሮ ወጥ እንጂ ለማር አይሆንም፤ ልጆቹ ከሸተታቸው ነገር ግማሹ ይህም ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ ሥራ ለብቻው ሩብ ኪሎ ለጋ ቅቤ ያንጥሩ። ምንም ሳይጨምሩ በዝቅተኛ እሳት፣ ሳያማስሉ፣ 20 ደቂቃ ገደማ ይቆይ። አረፋው ይገፈፋል፣ መንጣጣቱ ሲቆም ውሃው አልቋል ማለት ነው፤ ያኔ ሥሩን ሳይነቀንቁ በሻሽ ያጥልሉ። ከሥር የሚቀረው ከተለመደው በላይ ወፍራም ሆኖ ከተጣበቀ ቅቤው ባዕድ ነገር ሳይገባበት አይቀርም፤ በሚቀጥለው ገበያ ሻጭ ይቀይሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው፣ ግን ከመጥበሻው አጠገብ መነሣት የለም። መንከሪያውን ዝርግ ዕቃ ውስጥ ያድርጉ። የደረቀውን ቁራሽ በአንድ ወገን 2 ደቂቃ፣ በሌላው 2 ደቂቃ ያቆዩት። በመዳፍዎ ከሥር ደግፈው ሲያነሡት መታጠፍ ይጀምራል፤ ግን አይቆረጥም። እዚያ ላይ ያቁሙ። ወንፊት ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያንጠፍጥፉት። ይህን የሚዘልል ሰው ብዙ ነው፤ በዳቦው ዙሪያ እንደ ቀሚስ ዘርፍ የሚረጋው የእንቁላል ጠርዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። እሳቱ ከመካከለኛው ዝቅ ይበል። የቅቤውን ሙቀት በውሃ ጠብታ አይፈትኑ፣ ዐይን ላይ ይረጫል፤ የዳቦ ፍርፋሪ ይጣሉበት። ደቃቅ አረፋ እያወጣ በአንድ ደቂቃ ገደማ ወርቃማ ከሆነ ይጀምሩ። ወዲያው ከጠቆረ መጥበሻውን አውርደው ይጠብቁ።

መጀመሪያ ክዳን ሳይደረግ 3 ደቂቃ ያህል። ይገልብጡና ይክደኑት፣ ሌላ 3 ደቂቃ። ክዳኑ ያፈነው እንፋሎት ነው ልቡን የሚያበስለው፤ ትልቁ ምስጢር ካለ ይኸው ነው። ሲበስል የቁራሹ ሆድ መካከሉ ላይ ነፋ ይላል። በጣት ሲጫኑት ይመለሳል፣ ከጎኑም ወተት አይወጣም። ወተት ካወጣ እሳቱን አያብሱት፣ ይበልጥ ዝቅ አድርገው መልሰው ይክደኑት። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ልቡ ቢያንስ 71 ዲግሪ መድረሱን ይይ። በመጨረሻ ክዳኑን አንሥተው አንድ ደቂቃ ይተዉት፣ ቅርፊቱ ይመለስለታል። መጥበሻውን በየዙሩ በጨርቅ ይጥረጉ፤ ያረረ ስኳርና ፍርፋሪ ቀጣዩን ያመርረዋል። የወጣውንም ሰሐን ላይ እየደረቡ አይቆልሉ፣ በገዛ እንፋሎቱ ይረጥባል።

የተነከረበት እንቁላልና ወተት ቢተርፍ ለነገ አይቀመጥም። ነክረው ማሳደር ከፈለጉም ፍሪጅ ውስጥ እንጂ ቅዳሴ ሄደው እስኪመለሱ ጠረጴዛ ላይ አይተዉት። ለእርስዎ የሚስማማው ከመሄድዎ በፊት ዳቦውን ደርቆ ማግኘት፣ ወተቱን አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው። መንከሪያው ከተመለሱ በኋላ በ5 ደቂቃ ይደርሳል።

ላዩ ላይ የሚፈስሰውን ነገር ለጎጃም ሰው መምከር ያሳፍራል። አዴይ አበባ ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ካለ ሌላ አይፈልጉ። ሲቀመጥ የረጋ፣ እንደ ስኳር የጠጠረ ማር «ተቀላቅሎበታል» ተብሎ ይታማል፤ መርጋት የማር ጠባይ እንጂ የማጭበርበር ማስረጃ አይደለም። ብርጭቆውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቁሙት፣ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት። 3 ማንኪያ ማር በ1 ማንኪያ ትኩስ ንጥርና በቁንጥጫ ጨው ቢያዋሕዱት ሆቴሉ ያልሰጠዎትን ያገኛሉ። ማሩን ግን መንከሪያው ውስጥ አያስገቡ፣ ከስኳርም ፈጥኖ ያርራል። ቤት ውስጥ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ማር በጭራሽ አይቅመስ፤ ቦቱሊዝም የሚባለው መመረዝ በዚያ ዕድሜ የከፋ ነው።

ስለ ጾም አልጠየቁኝም፤ ግን የዐቢይ ጾም እሁድ ሲመጣ መጠየቅዎ አይቀርም። የሱፍ ፍሬ ፈልቶና ተፈጭቶ የሚጠለለውን ነጭ ውሃ፣ በሩብ ሊትር 3 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት አድርገው፣ ቀጭን ቁራሽ ነክረው በዘይት ቢጠብሱ የሚበላ ነገር ይወጣል። ግን እንደ እንቁላሉ አይረጋም፣ ሆዱም አይነፋም። እኔ በጾም አልሠራውም፣ ሽሮ እበላለሁ። ይልቅ ልብ የሚሉት አንድ ቀን አለ። የቡሄ ሙልሙል ነሐሴ 13 ተጋግሮ ሲተርፍ የፍልሰታ ጾም ገና አላለቀም። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ሙልሙሉ ሦስት ቀን አድሯል፤ በክረምቱ ርጥበት እንዳይሻግት ቀድሞ መጥበሻ ላይ ከደረቀ ግን ለመንከሪያው ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ዳቦ ነው።

የቀረው የምጣዱ ነገር ነው። በእንጀራ ምጣድ አይሥሩት። ሸክላው ቅቤውን ይጠጣዋል፣ ስኳርና እንቁላሉ ላዩ ላይ ይነክሳል፣ በማግስቱ እንጀራው ተጣብቆ አልነሣ ሲል ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት። ስስ አሉሚኒየም ላይ ከእሳቱ በላይ ያለው ቦታ ብቻ ይግላል፣ ስለዚህ መካከሉ ሲያርር ዳሩ ጥሬ ይሆናል። አዲስ መጥበሻ ከመግዛትዎ በፊት ግን ቆሎ የሚቆሉበትን ወፍራም የብረት ምጣድ ያውጡት። በደንብ ጠርገው፣ ቅቤ አስነክተው አንዴ ካጋሉት ከሁለቱም ይሻላል፤ ሙቀት ይይዛል፣ ያካፍላል። ችግሩ ሁለት ቁራሽ ብቻ መያዙ ነው። ለስድስቱ ሦስት ዙር ይፈጃል፤ የመጀመሪያውን ዙር ልጆቹ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆመው ይጨርሱታል፣ ስለዚህ ሰሐን የሚቀርበው ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ይሁን።